ዛፍ ጌጥ ብቻ ነውን?

ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ መሠረቱን ይቈፍራል፤ ቀጥሎ ግድግዳውን ያቆማል፤ ከዚያም ጣራውን ይከድናል፤ መጋረጃውን የሚያስበው ግን ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በአገራችን ከተሞች መንገድና አደባባይ ሲሠራ ዛፍና አበባ ብዙውን ጊዜ የሚታሰቡት እንደዚሁ እንደ መጋረጃው በመጨረሻው ሰዓት ነው። ድንጋዩ ከተነጠፈ፣ መብራቱ ከተተከለ፣ የምረቃው ቀን ከተቈረጠ በኋላ «እስቲ ጥቂት አረንጓዴ ነገር ይጨመርበት» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ልማድ ነው። አሳባችንን ባጭሩ ለመግለጽ፣ ዛፍ በከተማ ውስጥ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ግድግዳም፣ ጣራም፣ ዓምድም ይሆናል። ስለዚህ እንደ ግድግዳና እንደ ጣራ አስቀድሞ ሊታሰብበት፣ ሥራው ካለቀም በኋላ በዚያው ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል እንላለን።

ድርሰት ሲታተም የሚተች ይገኛል፤ ሥዕል ሲታይ፣ ቴያትርም ሲቀርብ «ይህ ተሟልቷል፤ ይህ ጐድሏል» የሚል አይጠፋም። የአትክልት ስፍራ ሲከፈት ግን ከሁላችንም አፍ የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ «አማረ» እንላለን፤ ፎቶግራፍ ተነሥተንም እንሄዳለን። ይህ ለሠሪውም ለተመልካቹም አይጠቅምም። አንድ መጽሐፍ ያልጣመው ሰው ዘግቶ ሊያስቀምጠው ይችላል። ያለ ቦታው የተተከለ ዛፍ ያለበትን መንገድ ግን ዘግቶ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ሠራተኛው በየጧቱ፣ ተማሪው በየቀትሩ ያልፍበታል፤ ልጆቻቸውም ከእነርሱ በኋላ ያልፉበታል። ይህን ያህል ብዙ ሰው የሚያነበው ድርሰት የለምና፣ ትችት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በመልክዐ ምድር ንድፍ ጥበብ የሠለጠኑ ሰዎች አንድን ተክል የሚመለከቱት በሁለት ዐይን ነው። ባንደኛው መልኩን ያያሉ፤ ይኸውም ቁመናው ቀጥ ያለ ነው ወይስ የተንሰራፋ፣ ቅጠሉ ሰፊ ነው ወይስ ደቃቅ፣ ቀለሙ የጠቈረ አረንጓዴ ነው ወይስ ወደ ብርማነት ያዘነበለ፣ አበባው የሚፈነዳውስ በየትኛው ወር ነው የሚለው ነው። በሁለተኛው ዐይን ሥራውን ያያሉ፤ ይኸውም ነፋስና አቧራ ይከልላልን? ከፀሐይ ይጋርዳልን? መንገደኛውን ወዴት ይመራዋል? የቱን ይሰውርበታል፣ የቱንስ ይገልጥለታል? የሚለው ነው። ጥድ ተጠጋግቶ በተርታ ቢተከል ግድግዳ ይሆናል፤ ግራር ቅርንጫፉን ዘርግቶ ጣራ ይሆናል፤ ሣር ወለል ነው፤ ብቻውን ቀጥ ብሎ የሚቆም ዘንባባ ደግሞ ዓምድ ነው። ጣራ በሚያስፈልግበት ስፍራ ዓምድ ብቻ አቁሞ የሄደ አናጢ ቤት ሠራ እንደማይባል ሁሉ፣ ተክሉን ከሥራው ያላገናዘበ ሰውም ተከለ እንጂ ነደፈ ሊባል አይችልም።

ይህን ጥበብ ከሌሎች ጥበባት የሚለየው ሌላ ነገር ደግሞ ጊዜ ነው። ሐውልት ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ ያው ሐውልት ነው። ችግኝ ግን በተተከለበት ቀን የሚታየው መልኩ የወደፊት መልኩ አይደለም። ነዳፊው በእጁ የያዘው አንድ ክንድ የሚሆን ቀጭን በትር ሲሆን፣ በአሳቡ ማየት ያለበት ግን ከ30 ዓመት በኋላ የሚያጠላውን ስፋት፣ የሚነካውን ሽቦ፣ የሚሰነጥቀውን ንጣፍ ነው። ስለዚህ በተክል የሚነድፍ ሰው የሚነድፈው ቦታን ብቻ ሳይሆን ዓመታትንም ነው።

ይህ ትምህርት ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ያሉትን አድባራትና ገዳማት ይመልከት። በጎጃምና በጎንደር የምናገኘው ክብ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍል አለው፤ ከውጭ ቅኔ ማሕሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ ከሁሉ ውስጥ መቅደስ። ይህ ክብ በክብ የሆነ አሠራር በሕንፃው ግድግዳ አያበቃም። ከሕንፃው ውጭ ቅጥር ግቢው፣ ከዚያ ውጭ ጥዱና ወይራው፣ ዝግባውና ዋንዛው፣ ከዛፉም ውጭ የድንጋይ አጥሩ ይከተላል። ከሩቅ የሚመጣ ሰው በተራቈተ እርሻ መካከል የጠቈረ ክብ ደን ያያል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከቶ ባይታየውም በዚያ እንዳለ ያውቃል። ከአጥሩ ሲገባ ከጠራራ ፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከነፋስ ድምፅ ወደ ጸጥታ ያልፋል፤ ጥቂት እንደ ተራመደም ጥላው ተከፍቶ ብርሃን በሞላበት ግቢ ውስጥ ሕንፃው ብቅ ይላል። ያን ሰው ገና ከደጁ ሳይደርስ ልቡን ያዘጋጀለት የእንጨት ወይም የድንጋይ ሥራ አይደለም፤ የዛፍ ሥራ ነው።

የአድባራቱ አገልጋዮች ይህን ደን የቤተ ክርስቲያን ልብስ ነው ይሉታል። ልብስ ደግሞ ያስጌጣል፣ ይሸፍናል፣ ያሞቃል፣ ክብርንም ይገልጣል፤ የመልክዐ ምድር ንድፍ ሊቃውንት በብዙ ምዕራፍ የሚያስተምሩት ሁሉ በዚህ አንድ ቃል ተጠቃሎ ይገኛል። በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው የእግር መንገድ ደግሞ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ባደገ ቡና መካከል ያልፋል። ቡናው የታችኛው ደርብ፣ ታላላቁ ዛፍ የላይኛው ደርብ ሆኖ ሲታይ፣ ጥቅምና ውበት ተጣልተው እንደማያውቁ ያስረዳል።

ሁለተኛውን ምስክር የምናገኘው ከጉራጌ አገር ነው። በጉራጌ መንደር መካከል ጀፎረ የሚባል ሰፊ የሣር መንገድ ይገኛል። ቤቶቹ ፊታቸውን ወደ ጀፎረው አድርገው በግራና በቀኝ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ በየቤቱ ጓሮ ደግሞ እንሰት በብዛት ይተከላል። ከብት በጀፎረው ላይ ይግጣል፤ ሠርግና ለቅሶ፣ የልጆች ጨዋታና የሽማግሌዎች ሸንጎ በዚያው ይካሄዳል። ይህን በነዳፊ ዐይን ብንመለከተው የተሟላ ሥራ ሆኖ እናገኘዋለን። ዝቅ ያለውና ለስላሳው ሣር ወለል ነው፤ ቅጠለ ሰፊው እንሰት ከበስተጀርባ የቆመ አረንጓዴ ግድግዳ ነው፤ የሣር ክዳን ያለው ክብ ቤት በሁለቱ መካከል ጐልቶ ይታያል። እንሰቱ ለጌጥ አልተተከለም፤ ምግብ ነው። ይሁን እንጂ ቦታውን አውቆ ስለ ተተከለ የመንደሩ መልክ ሆነ። የጀፎረው ወሰን እንዳይገፋ የሚጠብቀው የመንደሩ ሰው ሁሉ ስለሆነም ንድፉ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊተላለፍ ቻለ።

ከገጠሩ ወደ ዋና ከተማችን ስንመለስ ደግሞ አንድ ዛፍ ሳይታሰብ የከተማን መልክ እንዴት እንደሚወስን የሚያስተምር ታሪክ እናገኛለን። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቈረጠ ስለ ተመናመነ፣ ዳግማዊ ምኒልክ መቀመጫቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ይህን አሳብ ካስቀሩት ምክንያቶች አንዱ በ1880ዎቹ ዓመታት ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ፈጥኖ የሚያድግ፣ ተቈርጦም ከጉቶው የሚያቈጠቍጥ በመሆኑ ከተማይቱን ከማገዶ ችግር አወጣት። የተተከለው ለማገዶ ቢሆንም የእንጦጦን ተራራ የሸፈነው፣ የየግቢውን ወሰን ያመለከተው፣ ለከተማይቱ ሽታና ድምፅ የሰጠው እርሱ ነው። ነገር ግን ያደገ ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ወደ ታች ስለሚንጠለጠል ጥላው ስስ ነው፤ ከሥሩም ሌላ ነገር እንደ ልብ አይበቅልም። ስለዚህ ትልቅ ውለታ የዋለልን ዛፍ ሆኖ ሳለ ለመቀመጫ ስፍራ የሚሆን ጣራ ሊሰጠን አልቻለም። ከዚህ የምንማረው፣ ነዳፊ ባይኖርም ተክል ራሱ ከተማን እንደሚነድፍ ነው፤ እኛ ካላሰብንበት እርሱ እንደ ባሕርዩ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ዘመናችን ሥራ እንግባ። በመጀመሪያ ምስጋና ለሚገባው ምስጋና መስጠት ያስፈልጋል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የወንዝ ዳር ልማት ተጀምሯል፤ አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም.፣ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፍተዋል፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም በኮሪደር ልማት ብዙ ጎዳናዎች ሰፍተው ለእግረኛ የሚሆን ንጹሕ መንገድ ተዘርግቶላቸዋል። ቀድሞ የሕዝብ መናፈሻ በጥቂቱ ብቻ ይገኝባት በነበረች ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትችታችንም የሚነሣው ሥራውን ከመናቅ ሳይሆን፣ ይህን ያህል ገንዘብና ድካም የፈሰሰበት ሥራ በተክል አመራረጥ ረገድ ከዚህ የበለጠ ፍሬ ሊሰጥ ይችል ነበር ከሚል አሳብ ነው።

በአዳዲሶቹ ጎዳናዎች ዳር በብዛት የሚታየው ተክል ዘንባባ ነው። ዘንባባ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ በሆሳዕና ዕለት ቅጠሉን የማያስር ምእመን የለም። ለነዳፊ ያለው ጥቅምም ግልጥ ነው። ሥሩ ደቃቅና እጅብ ያለ ስለሆነ ካደገ በኋላ ተነቅሎ ቢተከል ከሌሎች ብዙ ዛፎች ይልቅ ይጸድቃል፤ ስለዚህ ባንድ ሌሊት ያደገ ጎዳና ለማሳየት ይመቻል። ንጣፍ አይሰነጥቅም፤ የሕንፃውን ፊት አይሸፍንም፤ ረድፉም ለዐይን ያማረ ነው። በትልቅ አደባባይ፣ በሐውልት ፊት፣ ወይም እንደ ባሕር ዳር ባለች የሐይቅ ዳር ከተማ በሰፊ ጎዳና መካከል ሲቆም ግርማ ይሰጣል። ዓምድ በሚያስፈልግበት ስፍራ ከእርሱ የተሻለ ዓምድ ማግኘት ያስቸግራል።

ነገር ግን የታክሲ ሰልፈኛ የሚቆምበት ስፍራ ዓምድ ሳይሆን ጣራ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በበጋው ወራት የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ትታያለች፤ ጥላም የሚወድቀው ወደ ሰሜን ነው። ቁመቱ 10 ሜትር የሆነ ዘንባባ በታኅሣሥ ቀትር የአናቱን ጥላ ከግንዱ 6 ሜትር ያህል አርቆ ይጥለዋል። ስለዚህ ከሥሩ ለቆመው ሰው የሚተርፈው የግንዱ ቀጭን ጥላ ብቻ ሲሆን፣ የቅጠሉ ጥላ በመኪናው መንገድ ወይም በሱቁ ጣራ ላይ ያርፋል። ቅርንጫፉ ዝቅ ብሎ የሚሰፋ ዛፍ በእግረኛው መንገድ ደቡባዊ ጠርዝ ቢተከል ግን ያው የቀትር ፀሐይ ጥላውን በመንገደኛው ራስ ላይ ታሳርፈው ነበር። ይህ ትልቅ ምርምር የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ ተክሉን ከመምረጥ በፊት ፀሐይ የምትዞርበትን ማየት ብቻ ነው። አብዛኛው ሕዝብ በእግሩ በሚሄድባት ከተማ ደግሞ የጥላ ነገር የምቾት ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጉዳይ ነው፤ በመኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጣራው ከእርሱ ጋር ይሄዳልና።

ሁለተኛው የምንተቸው ነገር ወለሉ ነው። በየአደባባዩ የተነጠፈው፣ ዘወትር የሚከረከመው ሣር በክረምት ያለ ድካም አረንጓዴ ይሆናል፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ግን ውሃ ካልጠጣ ይገረጣል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ከዚህም በላይ በክረምት እያደገ በመስከረም የሚያብበው አደይ አበባ፣ ዘወትር መቍረጫ በሚያልፍበት ሣር መካከል ለማበብ ዕድል አያገኝም። የዘመን መለወጫችን ምልክት የሆነው ቢጫ አበባ ከከተማ ዳር በሜዳ ላይ ፈልጎ የሚለቀም ሆኖ ሳለ፣ በአደባባዮቻችን ግን ከሩቅ አገር የመጣ ዘር በየጊዜው እየተቀየረ ይተከላል። ከሰፊው ሣር አንድ ክፍል እስከ ጥቅምት ሳይከረከም ቢተው፣ የአደይም ዘር ቢበተንበት፣ ወጪው ምን ያህል ነው? የሚሰጠው ደስታስ ምን ያህል ነው?

ሦስተኛው ጕድለት የወቅት አለመታሰብ ነው። በብዙ ስፍራ የምናየው አንድ ዐይነት ቍጥቋጦ በኳስና በሣጥን አምሳል ተከርክሞ፣ በጥርም በነሐሴም መልኩ ሳይለወጥ ይቆያል። የአገራችን ተክል ግን የዘመን አቈጣጠር ያህል ወርን የሚናገር ነው። ቆርች በበጋ ቀይ አበባውን ያወጣል፤ ዋንዛ በነጭ አበባ ይለብሳል፤ ኮሶ ቀላ ያለ አበባውን እንደ ዘለላ ያንጠለጥላል፤ እሾሃማው ቀጋ አጥርም ነው፣ ነጭ ጽጌረዳም ነው። እነዚህን ተራ በተራ እንዲያብቡ አድርጎ የነደፈ ሰው ለመንገደኛው በየወሩ አዲስ መንገድ ይሰጠዋል።

ይህን ስንል የአገር ተክል ሁሉ ይወደድ፣ የውጭ ተክል ሁሉ ይነቀል ማለታችን እንዳልሆነ እንዲታወቅልን እንወዳለን። ሐምራዊ አበባ የሚያለብሰን ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ሆኖ ሳለ ከተሞቻችንን አስውቧል። መለኪያችን የተክሉ ትውልድ ሳይሆን፣ ተክሉ ለቦታውና ለሰዉ የሚሰጠው አገልግሎት ነው። ነገር ግን የራሱን ሳያውቅ የሰውን የሚመርጥ ሰው መረጠ አይባልም።

በዚህ ነገር ከብራዚላዊው ሠዓሊና የአትክልት ነዳፊ ከሮበርቶ ቡርሌ ማርክስ ሕይወት የምንማረው አለ። ይህ ሰው በ1909 እ.ኤ.አ. የተወለደ ሲሆን፣ በ1928 እና በ1929 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በቈየበት ጊዜ በበርሊን የዳሌም የዕፀዋት ስፍራ የመስታወት ቤቶች ውስጥ የገዛ አገሩን ተክሎች በክብር ተይዘው አየ። በዚያ ዘመን የብራዚል ባለጸጎች ግቢያቸውን የሚያስጌጡት በአውሮፓ አምሳል ነበር። እርሱ ወደ አገሩ ተመልሶ የጫካውን ተክል ወደ ከተማ አመጣ፤ አንዱን ዐይነት ተክል ባንድ ስፍራ አብዝቶ እየተከለ፣ ሠዓሊ ቀለምን በሸራ ላይ እንደሚያሳርፍ በምድር ላይ አሳረፈው። በ1949 እ.ኤ.አ. በሪዮ ዴ ጃኔሮ አጠገብ በያዘው ቦታ ከ3,500 በላይ የተክል ዐይነቶችን ሰብስቦ ጠባያቸውን ያጠና ነበር። ይህ ስፍራ በ2021 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ልብ ልንለው የሚገባው፣ የእርሱን ተክሎች አምጥቶ በአዲስ አበባ ብርድ ላይ መትከል የእርሱን ትምህርት መከተል እንዳልሆነ ነው። ትምህርቱ የአገርን ተክል አስቀድሞ ማወቅ፣ ማፍላትና ጠባዩን ማጥናት፣ ከዚያ በኋላ መንደፍ የሚል ነው።

የተግባር ሰዎች መልስ ምን ሊሆን እንደሚችል እንገምታለን። «የአገር ዛፍ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ሕዝቡ ግን ዛሬ ማየት ይፈልጋል» ይሉን ይሆናል። እውነት አለው። ወይራ በእርግጥ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ዋንዛ ግን ፈጠን ይላል፤ እርሱም ቢሆን ፍሬው በንጣፍ ላይ እየወደቀ ጠራጊን ያስቸግራል። ጕድለት የሌለው ተክል የለም። የነዳፊ ጥበብ ግን ፈጥኖ የሚደርሰውን ዘግይቶ ከሚደርሰው ጋር ማጣመር ነው፤ ዛሬ የሚታየውን ቍጥቋጦና አበባ፣ ከ10 ዓመት በኋላ የሚያጠላውን ዋንዛ፣ ለልጅ ልጅ የሚቈየውን ወይራ ባንድ ጎዳና ላይ አብሮ መትከል ይቻላል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንደሚባለው፣ ለምረቃ ቀን ብቻ የታሰበ ተክል ከምረቃው ማግሥት ጀምሮ ሥራ የለውም። በዚሁ አንጻር መንገድ ሲሰፋ የሚወድቀው ያደገ ዛፍም ሊታሰብለት ይገባል። ድንጋይና ሲሚንቶ በገንዘብ ይተካሉ፤ 60 ዓመት የፈጀን ጥላ ግን በ60 ዓመት እንጂ በሌላ ነገር መተካት አይቻልም። ስለዚህ መሐንዲሱ መስመሩን ከመዘርጋቱ በፊት የቆሙትን ዛፎች በካርታው ላይ ቢያሰፍር፣ መንገዱን ጥቂት በማጠፍ የሚተርፈው ብዙ ነው።

ይህ እንዲሆን የሚያስፈልገው ከባድ ነገር አይመስለንም። የተክሉ ነዳፊ ከመሐንዲሱ ጋር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባንድ ጠረጴዛ ይቀመጥ። የችግኝ ጣቢያዎች በቍጥር ብቻ ሳይሆን በዐይነትና በዕድሜም ይመዘኑ፤ ጎዳና የሚሆን ዛፍ ለጎዳና እንዲሆን ተገርቶ ጥቂት ዓመት በጣቢያው ይደግ። በ705 ሄክታር ላይ የተዘረጋው የጉለሌ የዕፀዋት ማዕከል ለከተማ የሚሆነውን የአገር ተክል ለማጥናት የሚመች ስፍራ ነውና ነዳፊዎች ይጠቀሙበት። መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ወደ አጥቢያቸው ደብር ወይም ወደ አቅራቢያ መናፈሻ ይዘው ወጥተው «ይህ ዛፍ እዚህ ምን ይሠራል?» ብለው ይጠይቋቸው። ይህን ጥያቄ መመለስ የለመደ ተማሪ ነገ ከቢሮ ተቀምጦ የመንገድ ንድፍ ሲቀርብለት ያለ ጥያቄ አይፈርምም።

በጎጃም ደብር ዙሪያ ጥድ የተከሉት አባቶችና በጉራጌ ጀፎረ ጓሮ እንሰት ያሰለፉት እናቶችና አባቶች የንድፍ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ተክል ምን እንዲሠራላቸው እንደሚፈልጉ ያውቁ ነበር። እኛም በየጎዳናችን ዳር ለቆመው ተክል ሁሉ ሥራውን ልንናገር የቻልን ቀን፣ ከተሞቻችን ለዐይን ብቻ ሳይሆን ለኗሪውም ያማሩ ይሆናሉ ብለን እናምናለን።